የጉጉቷ ምስክር

ዘውድነሽ አበልጄ ናት። ናት ነው የምለው፤ አበልጅነት እንደ አፓርታማ ሊዝ ጊዜው ደርሶ አይሰረዝም። ልጇን ማክዳን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ምን ብናደድ ልጅቷን መልሼ ውሃ ውስጥ አልከታት። አበልጅን ማማት ኃጢአቱ እጥፍ እንደሆነም አላጣሁትም። ግን የሆነውን አውጥቼ ካልተናገርኩ ሆዴ ሊፈነዳ ነው።

ዘውድነሽ አትላንታ የገባችው ከኔ ቀድማ ነው። እኔ ከሱዳን ስደርስ እሷ ለስደተኞች ቢሮ ታስተረጉም ነበር፤ መኪና ይዛ፣ ኋላም ከከተማው ወጣ ብሎ ሊልበርን የሚባል ቦታ ቤት ገዝታ፣ ሰው ሁሉ ዘውድነሽ ዘውድነሽ የሚላት ሴት ሆናለች። የግሪን ካርድ ኢንተርቪው ቀን ከጎኔ የተቀመጠችው እሷ ናት። እኔ በአማርኛ «ባሌ እስር ቤት ነው የሞተብኝ» ስል፣ እሷ በእንግሊዝኛ «ባሌ እስር ቤት ነው የሞተብኝ» አለች። ደነገጥኩ። በኔ ባል ምን አገባት? ስንወጣ እየሳቅኩ ምነው ባሌን የራስሽ አደረግሽው ብዬ ጠየቅኳት።

«የሥራው ደንብ ነው» አለችኝ። «አስተርጓሚ ‹እሷ እንዲህ አለች› አይልም። አንቺ እኔ ስትይ እኔም እኔ እላለሁ። ያን ሰዓት ዘውድነሽ የለችም፤ አፍሽ ነኝ።»

ወደድኩት። እውነቴን ነው፣ ነገሩን በጣም ወደድኩት። ባዕድ አገር ላይ አፏን የምታውስ ሰው ከየት ይገኛል? እንግሊዝኛ ይገባኛል፤ ቴሌቪዥኑንም፣ ሱፐርቫይዘሬ ስትቆጣም እሰማለሁ። ልናገር ስል ግን ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ተገትሮ አልወጣም ይላል። ስለዚህ ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ ቢሮ፣ የትም ስሄድ ዘውድነሽን ይዤ ነበር የምሄደው።

የወፉን ነገር ያመጡብኝ ሚስ ኤልሲ ናቸው። ኢስት ፖይንት፣ ከቤቴ ብዙም በማይርቅ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ፤ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ገላ አጥባለሁ። ሚስ ኤልሲ እዚያ የሚኖሩ የድሮ አስተማሪ ነበሩ። መስኮታቸው ላይ የወፍ ጥሬ የሚጨመርባት ትንሽ ሳጥን ተሰቅላለች። ጧት ስገባ ቁጭ በይ ይሉኛል፤ ሥራ አለብኝ ብል አይሰሙም። እኔ ወፍ ማለት እህል ሲሰጣ እሽ ተብሎ የሚባረር ነገር ነበር የሚመስለኝ። እሳቸው ካርዲናል የሚባለውን ቀይ ወፍ አሳዩኝ፣ ግንድ የሚወቅረውን አሳዩኝ፣ ሳላስበው ስም ማወቅ ጀመርኩ። አንድ ቀን የሩቅ መነጽራቸውን አንገቴ ላይ አጠለቁልኝና፣ ዓይናቸው ስለደከመ ከእንግዲህ እኔ አይቼ እንድነግራቸው አዘዙኝ።

የአሜሪካንም የሌላ አገርንም ወፎች የያዘ አንድ ትልቅ መጽሐፍም ነበራቸው። ኮስታ ሪካ የሚባል አገር፣ ተራራ ላይ፣ ዓመቱን ሙሉ ጉም የማይለቀው ጫካ አለ። ዛፉ ላይ ዛፍ በቅሎበታል፣ ቅጠሉ ውሃ ያንጠባጥባል። እዚያ ውስጥ ኬትዛል የሚሉት ወፍ ይኖራል፤ ጀርባው አረንጓዴ፣ ደረቱ ደም የመሰለ ቀይ፣ ጅራቱ እንደ ሙሽራ ቬሎ የሚጎተት። ሚስ ኤልሲ በወጣትነታቸው ሄደው አይተውታል። ገጹ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር።

በብርዱ ወራት አረፉ። መነጽሩና መጽሐፉ እኔ ጋ ቀሩ። ከመሞታቸው በፊት ግን ይሄዱበት ለነበረው የወፍ ተመልካቾች ክበብ ስሜን ነግረውልኝ ነበርና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከነሱ ጋር መውጣት ጀመርኩ። መኪና አልነዳም። ዘውድነሽ እኔ ልውሰድሽ አለችኝ። እግዜር ይስጣት፣ በዚህ አላማትም፤ ገና ሳይነጋ ከሊልበርን ኢስት ፖይንት ድረስ እየመጣች ትወስደኝ ነበር። እሷም እንደኔ አባል ሆና ተመዘገበች፤ የምትመጣው ግን ለወፎቹ ሳይሆን ለሰዎቹ ነው። ከዶክተሩ ጋር ታወራለች፣ ከጠበቃው ሚስት ጋር ትስቃለች። መነጽር አንስታ አታውቅም ብል ዋሸሁ፤ አንስታለች፤ መስታወቱ ላይ ሊፕስቲኳን ለማየት።

ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ መሳቂያ አደረጉኝ። እትዬ አበዛሽ የሚባሉ የሁላችን እናት አሉ፤ «ልጄ፣ አይበላ፣ አይሸጥ፣ ምን ይሁንሽ ብለሽ ነው የምታዪው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳቅኩ።

በፈረንጆቹ ሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ላይ የክበቡ ሊቀ መንበር አንድ ነገር ተናገሩ። ሚስተር ካልድዌል ይባላሉ፤ ጆሯቸው ላይ የመስሚያ መሣሪያ ያደረጉ ደግ ሽማግሌ ናቸው። ክበቡ በየዓመቱ ወደዚያው ወደ ኮስታ ሪካ ተራራ ይሄዳል። ከአዲስ አባላት መካከል ደግሞ በዚያ ዓመት በጆርጂያ ተራሮች ላይ ከሁሉ ብርቅ የሆነውን ወፍ ያየ ሰው፣ የክበቡ እንግዳ ሆኖ ወጪው ተችሎ አብሮ ይሄዳል። ያየ ሰው ስብሰባ ላይ ቆሞ ያየውን ይናገራል። ምስክር ካለው ይጸድቅለታል።

እኔ በዕድሜዬ ብዙ መንገድ ሄጃለሁ። ከጎንደር ሱዳን በእግሬ፣ ከሱዳን አትላንታ በአውሮፕላን። ሁሉንም የሄድኩት ሸሽቼ ነው። አንድ ነገር አይቼ ልምጣ ብዬ የሄድኩበት መንገድ የለም። እስቲ አንዴ እንኳን፣ ማንም ሳያባርረኝ፣ ለማየት ብቻ ልሂድ ብዬ ተመኘሁ። ከባሌ ሞት ወዲህ ለራሴ ብቻ ብዬ የፈለግኩት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ለዘውድነሽም ነገርኳት፤ ትሄጃለሽ፣ አንቺ ካልሄድሽ ማን ይሄዳል አለችኝ።

ፀደይ ላይ ሰሜን ጆርጂያ፣ ተራራ ላይ ወዳለ ጥብቅ ደን ወጣን። ሰዉ በየአቅጣጫው ተበተነ። እኔና ዘውድነሽ በታችኛው ቀጭን መንገድ ገባን። ጫማዋ አዲስ ስለነበር ጭቃውን እየረገመች ከኋላዬ ትመጣለች። አንድ ጥቅጥቅ ያለ ጽድ ጋ ስንደርስ ትንንሾቹ ወፎች ተሰብስበው ይንጫጫሉ። ሚስ ኤልሲ አስተምረውኛል፤ እነዚህ ወፎች እንዲህ ሲንጫጩ የሚሰድቡት ጠላት አለ ማለት ነው። መነጽሬን አነሳሁ። ቅርንጫፉ ግንዱን ከሚነካበት ቦታ ላይ፣ ከጣሳ የማትበልጥ ጉጉት ቁጭ ብላለች። ዓይኖቿ ቢጫ፣ ጭንቅላቷ ከሰውነቷ የገዘፈ፣ ደረቷ ላይ ቡናማ ቡናማ መስመር የወረደባት። እነዚያ ሁሉ ሲሰድቧት እሷ እቴ፣ ግድም የላት።

የዘውድነሽን ክንድ ያዝኩና በሹክሹክታ «ጉጉት!» አልኳት።

ጉድ ማየት ያኔ ነው። ይች ፍርድ ቤት ቆማ ከዳኛ ጋር የምታወራ ሴት፣ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጎትታ «በስመ አብ! ገና በጠዋቱ?» ብላ ጀርባዋን ሰጠች። በኛ አገር ጉጉት የጮኸችበት ቤት ሰው ይሞታል ይባል የለ? አላይም፣ የልጅ እናት ነኝ፣ አታሳይኝ እያለች፣ ያን አዲስ ጫማዋን ጭቃ ውስጥ እየዘፈቀች ወደ መኪናው ሮጠች። እኔ ቆየሁ። ጉጉቷ አንገቷን አዙራ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ሌሎቹን ልጥራ ብል ሰው በአካባቢው የለም። ስመለስ ዘውድነሽ የመኪናውን መስኮት ሁሉ ዘግታ ተቀምጣለች፤ ከዚህ ቦታ ቶሎ እንውጣ ብላ አላስቆም አለችኝ።

መንገድ ላይ ፍርሃቷ ሲለቃት መሳቅ ጀመረች። ምን ታክላለች አለችኝ። ዓይኗስ? ጆሮ አላት? ምን ታደርግ ነበር? እኔ ደስታ አፌን ከፍቶት አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ቤት ገብቼ የሚስ ኤልሲን መጽሐፍ ስገልጥ እዚያው ቁጭ ብላለች፤ በጆርጂያ ተራሮች ላይ በጣም ብርቅ ናት ይላል። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ እሄዳለሁ ብዬ አመንኩ።

ስብሰባው ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ ነበር። የሁለታችንም ስም ተጠራና እኔና ዘውድነሽ ተነስተን ቆምን። ማን ያየ ማን ያስተረጎመ አልተባለም፤ እኔም ነገሩ የታወቀ መሰለኝ። በአማርኛ «በታችኛው መንገድ ስሄድ ወፎች ሲንጫጩ ሰማሁ» አልኩ። እሷ በእንግሊዝኛ «አይ» ብላ ጀመረች፤ እኔ ማለት ነው፤ ሰማሁ አለች። «መነጽሬን አነሳሁ» አልኩ። አነሳሁ አለች። ድምፄ ቀጭን ነው፣ አዳራሹ ትልቅ ነው፤ ሰዉ የሚያየው እሷን ነው። ሦስተኛውን ሳልጨርስ እሷ ቀጠለች። ዓይኗን ነገረች፣ ደረቷን ነገረች፣ አንገቷን እንዴት እንዳዞረች ነገረች። ሁሉንም መኪና ውስጥ ነግሬያት የለ? እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ለተመልካቹ የረሳችውን የማስታውሳት ጓደኛዋ መስዬ ነበር መሰለኝ።

አጨበጨቡ። ሚስተር ካልድዌል መጥተው የዘውድነሽን እጅ ጨበጡ። እኔ አየኋት፤ አሁን ታስተካክላለች፣ አሁን ‹ያየችው እሷ ናት› ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እጃቸውን ይዛ ፈገግ አለች።

ከዚያ ሚስተር ካልድዌል ምስክር የሚሆን፣ ወፏን ያየ ሌላ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ደሜ ፈላ። ጉሮሮዬ የተከፈተልኝ ያን ቀን ነው።

«አይ ሲ!» አልኩ፣ አየሁ ለማለት፣ ደረቴን እየመታሁ። «አይ! አይ ሲ!»

በአማርኛ ቢሆን «ያየሁትስ እኔ ነኝ» ብዬ ቁጭ አደርግላቸው ነበር። ሌላ ሰው አላየም፣ እሷ ፊቷን ሸፍና ነበር፣ ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው፤ ሁሉም እዚያች ‹ነኝ› ውስጥ አለ። የኔ እንግሊዝኛ ግን ‹ነኝ› የለውም። ሚስተር ካልድዌል ፊታቸው በደስታ በራ። አንቺም አይተሻል ማለት ነው፣ ድንቅ ነው፣ እንግዲያው ምስክር ተገኘ አሉ። ሰዉ ለሁለተኛ ጊዜ አጨበጨበ። የገዛ ወፌን በገዛ አፌ ለዘውድነሽ አጸደቅሁላት።

ሰው ፊት መጣላት አልችልበትም፤ ይሉኝታ አለብኝ። የመኪናው በር ሲዘጋ ግን ዘረገፍኩት። እሷ ‹እኔ› ያለችው በሥራ ልማድ እንደሆነ፣ ጭብጨባው ሲመጣ ደንግጣ መመለስ እንዳቃታት ነገረችኝ። አሁን ብናስተካክለው ሁለቱም ውሸታሞች ናቸው ብለው ወፏንም ይሰርዟታል፣ ያኔ ሁለታችንም መቅረታችን ነው አለች። እንግዲያው ይሰረዝ፣ ሁለታችንም እንቅር አልኳት። ሬዲዮ ከፈተች።

ጠበቅሁ። ዛሬ ትነግራቸዋለች፣ ነገ ትደውላለች እያልኩ ጠበቅሁ። እኔ ልደውል ብል ማን ሊደውልልኝ ነው? ለሌላ አስተርጓሚ ልንገር ብል ደግሞ አበልጄን ማዋረድ ሆነብኝ። ራሴን እያባበልኩ ከረምኩ፤ የሥራ ልማድ ነው፣ አፍራ ነው፣ እላለሁ።

አንድ እሑድ ዘውድነሽ ማክዳን አስከትላ፣ የልጅቷን ሻንጣ ይዛ ቤቴ መጣች። ነገ ወደ ኮስታ ሪካ ልትሄድ ነው። ልጅ ለክርስትና እናቷ ካልተሰጠች ለማን ትሰጣለች አለችኝ፣ ቀለል አድርጋ። ማክዳ ሮጣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። እኔ እናቷን ወደ ኩሽና ጠራኋት።

«ዘውድነሽ፣ አንቺ እኮ አላየሽም» አልኳት። «ፊትሽን ሸፍነሽ ነው የሮጥሽው።»

«አውቃለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን የሺዬ፣ ብትሄጂስ እዚያ ማን ያስተረጉምልሻል? እንደ ድዳ ተቀምጠሽ ልትመለሺ ነው?»

«ወፍ በአስተርጓሚ ነው እንዴ የሚታየው?»

ጠጋ ብላ አቀፈችኝ። እኔ አላቀፍኳትም፤ ግን አልገፋኋትም። ጆሮዬ ሥር ሆና አንድ ቃል ገባችልኝ፤ ስመለስ ለኛ ሰዎች ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ ያየችው የሺእመቤት ናት እላለሁ፣ የፈረንጆቹ ምን ያደርግልሻል፣ የኛ ሰው ካወቀልሽ በቃሽ አለችኝ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለውን ልጅ ሆኜ ነው የሰማሁት። ቢሆንም አመንኳት። ጉሙ ቢቀርብኝ ስሜ አይቀርብኝም አልኩና ሻንጣውን ተቀበልኩ።

እሷ በሄደችበት ሰሞን ማታ ማታ ማክዳን ሳስተኛ፣ እናቴ የት ሄደች ትለኛለች። ወፍ ልታይ እላታለሁ። «እማዬ ወፍ ትወዳለች?» ብላ ጠየቀችኝ አንዴ። አዎ፣ በጣም ትወዳለች አልኳት፤ ልጅን ከእናቷ ማጣላት ደግ አይደለም። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ቅናት ነው በሉት፣ ንዴት ነው በሉት። ያን ጉም በዓይኗ እያየች መሆኑን ሳስብ የሚስ ኤልሲን መጽሐፍ አውጥቼ ኬትዛሉን አያለሁ።

ተመለሰች። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያናችን በሚከራያት አዳራሽ ውስጥ፣ ምሳ እየተበላ ግድግዳው ላይ ያነሳችውን ፎቶ በስላይድ አሳየች። ሰዉ ሁሉ ሳህኑን ይዞ ዞረ። ማክዳ እናቷን ሰላም ብላ መጥታ እኔው ጭን ላይ ተቀመጠች። እውነቱን ልናገር፣ አገሩ ያምራል። ጉሙ እንደተባለው ነው፣ ዛፉ ላይ ዛፍ በቅሏል። ኬትዛሉ ሲመጣ እኔ ራሴን ረስቼ ወደ ፊት አዘነበልኩ። ጅራቱ በርግጥ ይጎተታል።

አንዱ ሰውዬ ከኋላ ሆኖ ለመሆኑ አንቺን እንዴት መረጡሽ ብሎ ጠየቀ።

ሳህኔን አስቀመጥኩ። ዘውድነሽ ወደ እኔ ተመለከተች። ደህና አድርጋ ነው ያየችኝ፤ አላየችኝም አልልም። አሁን ነው አልኩ በልቤ።

«እዚህ ጆርጂያ ተራራ ላይ ነው» ብላ ጀመረች። «ጠዋት ነበር። ወፎች ሲንጫጩ ሰማሁና መነጽሬን አነሳሁ። ከጣሳ የማትበልጥ ጉጉት ቁጭ ብላ አየሁ።»

አየሁ አለች። በአማርኛ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የእንግሊዝኛው ‹አይ› የኔ ነው፣ ከአፏ አምልጦ ነው እያልኩ ስሟገትላት ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግን የምታስተረጉምለት ሰው የለም። ጣሳዋን እንኳን አልተወችልኝም። ሴቶቹ ጉጉት ሲባል አማተቡ፣ አንቺ ደፋር አሏት፣ እሷም ሳቀች። እኔ ማክዳን ጭኔ ላይ አጥብቄ ያዝኳት።

እትዬ አበዛሽ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«አንቺስ የሺ፣ አብረሻት ነበርሽ አሉ» አሉኝ። «ምስክሯ አንቺ ነሽ አሉ። ምን አየሽ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዘውድነሽ እጇን የስላይዱ ማሽን ላይ እንዳደረገች ቀረች። ማክዳ ቀና ብላ ታየኛለች። ያን ቀን አፍ የሚያውሰኝ ሰው አላስፈለገኝም።

«እኔ ያየሁት ዘውድነሽን ነው» አልኳቸው።